የተሰበረ የሪሞት አውሮፕላን እንዴት ይጠገናል? እንዴትስ ይቀላል? ለጎንደርና ለሰሜን ጎንደር ደጋ የተዘጋጀ መመሪያ

ዘመድ ከውጭ የላከው ወይም አዲስ አበባ የተገዛ የፎም አውሮፕላን ጎንደር ላይ ሲሞከር ብዙ ጊዜ የሚገጥመው አንድ ነው። ከእጅ እንደተለቀቀ ጥቂት ሜትር ይሄድና አንድ ክንፉን ጥሎ ይከሰከሳል። ባለቤቱ ስብራቱን በሙጫና በስኮች ያጣብቃል፤ ሁለተኛው ሙከራ ከፊተኛው ይብሳል። ከዚያ በኋላ አውሮፕላኑ ቁም ሣጥን ላይ ተቀምጦ አቧራ ይለብሳል።

ምክንያቱን ከአብራሪው ችሎታ በፊት በአየሩና በክብደቱ ውስጥ ፈልጉት። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ 2,130 ሜትር ገደማ፣ ደባርቅ 2,850 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛሉ። ክንፍ አውሮፕላንን የሚያነሣው አየርን ወደ ታች እየገፋ በመሆኑ፣ አየሩ ሲሳሳ የማንሣት ኃይሉም በዚያው ልክ ይቀንሳል። የጎንደር የማለዳ አየር በባሕር ጠለል ካለው መደበኛ አየር 78 በመቶ፣ የደባርቁ ደግሞ 72 በመቶ ገደማ ነው። ቀትር ላይ ሲሞቅ ከዚህም ይሳሳል። በዚህ ስሌት 900 ግራም የሚመዝን አውሮፕላን ጎንደር ላይ ሲበር፣ በባሕር ጠለል 1,150 ግራም ተጭኖበት እንደሚበር ያህል ይቸገራል።

ትልልቆቹ አውሮፕላኖችም ከዚህ ሕግ አያመልጡም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን ሲሄድ መንገድ ላይ ለነዳጅ የሚያርፈው፣ ሲመለስ ግን በቀጥታ የሚመጣው፣ አንዱ ምክንያት ይኸው ነው፤ ከቦሌ ከፍታ ሙሉ ነዳጅና ሙሉ ጭነት ይዞ መነሣት ይከብዳል።

ስለዚህ ግባችሁ ግልጽ ነው፦ ስብራቱን ስትጠግኑ ከጠቅላላው ክብደት አንድ አምስተኛውን መቀነስ። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች በአንድ ምሳሌ ላይ ይሄዳሉ። ምሳሌው የክንፉ ርዝመት 1 ሜትር ከ20፣ ከፊት ጠርዝ እስከ ኋላ ጠርዝ ስፋቱ 18 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቱ ባትሪውን ጨምሮ 900 ግራም የሆነ የመለማመጃ አውሮፕላን ነው። የእናንተ ቁጥር ቢለያይም ስሌቱ ያው ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

አንድ ግራም የሚለይ ዲጂታል ሚዛን ከሁሉም ይቀድማል። የወጥ ቤት ሚዛን ይበቃል፤ ከሌለ ወርቅና ብር ሠሪዎች ዘንድ ማስመዘን ይቻላል። ከዚህ ሌላ አዲስ ምላጭ ያለው ካተር፣ ማስመሪያ፣ ደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት፣ ስስ ስኮች፣ ነጭ የእንጨት ኮላ፣ ኢፖክሲ፣ የጥብስ እንጨት፣ የወረቀት ክሊፕ፣ ቴስተር፣ ደብተርና እስክሪብቶ አዘጋጁ። የኤሌክትሮኒክስ ሽቦ መበየድ ካለባችሁና መሣሪያው ከሌላችሁ፣ ሞባይል ጠጋኞች በጥቂት ደቂቃ ይሠሩላችኋል።

ደረጃ 1፦ ፈታቱ፣ መዝኑ፣ መዝግቡ

ሙጫ ከመክፈታችሁ በፊት የሚፈታውን ሁሉ ፈታቱና እያንዳንዱን ለብቻ መዝኑ። የምሳሌያችን መዝገብ ይህን ይመስላል፦ ክንፍ 210፣ አካልና ጅራት 230፣ ባትሪ 185፣ ሞተርና ፕሮፔለር 90፣ የሞተር ፍጥነት መቆጣጠሪያ 35፣ ሰርቮዎች (መሪዎቹን የሚያንቀሳቅሱት ትንንሽ ሞተሮች) 40፣ ሪሲቨር 10፣ ጎማና እግሩ 70፣ የቀድሞ ጥገና ሙጫና ስኮች 30 ግራም። ድምሩ 900 ነው።

ይህ መዝገብ የሚጠቅመው ዓይን ስለሚያታልል ነው። ትልቅ የሚመስለው ክንፍ ከትንሿ ባትሪ ብዙም አይበልጥም፤ አምሮ የተቀመጠው ጎማ ደግሞ ከሰርቮዎቹ ሁሉ ይከብዳል። ሳይመዝኑ መቀነስ የተለመደ ስሕተት ነው፤ ሰው ቀላሉን ፎም ሲፍቅ ይውልና ከባዱን ነገር እንዳለ ይተወዋል።

ደረጃ 2፦ ፎሙን ለዩ

የሙጫው ምርጫ የሚወሰነው በፎሙ ዓይነት ነው። ከቴሌቪዥን ካርቶን የሚወጣው ዓይነት ነጭ፣ ሲሰበር ፍሬ ፍሬ እየሆነ የሚረግፈው ፎም ሱፐር ግሉ፣ ቤንዚንም ሆነ ቲነር ሲነካው ይቀልጣል። ለስለስ ብሎ የሚያብረቀርቀው፣ በጣት ሲጫኑት ተመልሶ የሚነሣው የፋብሪካ ፎም ግን ሱፐር ግሉን ይችላል። ጥርጣሬ ካላችሁ ሙጫውን በማይታይ ቦታ ላይ በጠብታ ሞክሩና ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ።

የተጨፈለቀ እንጂ ያልተሰበረ ቦታ ካለ ሙጫ አያስፈልገውም። ተመልሶ የሚነሣው ፎም ላይ የፈላ ውኃ ቀስ እያላችሁ አፍስሱ፤ የተጨፈለቀው አብጦ ወደ ቅርጹ ይመለሳል። ጎንደር ላይ ውኃ የሚፈላው በ93 ዲግሪ ገደማ በመሆኑ ፎሙን አይጎዳውም። ሞተሩንና ሽቦዎቹን አስቀድማችሁ አውጡ፤ እጃችሁንም ከእንፋሎቱ ጠብቁ። ፍሬ ፍሬ በሚሆነው ፎም ላይ ይህን አትሞክሩ።

ደረጃ 3፦ የቀድሞውን ጥገና አንሡ

በድሮ ሙጫ ላይ አዲስ ሙጫ መጨመር ስብራትን አያድንም፤ ክብደት ብቻ ይከምራል። የተቆለለውን ሙጫ በካተር በስሱ ላጡ፣ ስኮቹን ቀስ ብላችሁ ወደ ራሱ እያጠፋችሁ ንቀሉ። ወደ ላይ ከተጎተተ የፎሙን ቆዳ ይዞ ይሄዳል። በምሳሌያችን 30 ግራም ከነበረው ጥገና 20 ግራሙ ይነሣል።

የተሰባበሩ ቁርጥራጮችን አትጣሉ። ጫፋቸውን አትፋቁ፣ አትቁረጡም። ሁለቱ የስብራት ፊቶች እንደተሰበሩ ሲጋጠሙ ጥርስ ለጥርስ ይነካከሳሉ፤ የሚያስፈልገውም ሙጫ በጣም ትንሽ ይሆናል።

ደረጃ 4፦ በትንሽ ሙጫ አጣብቁ

ሙጫው ወረቀት እንደሚቀባ በስሱ ይቀባ። የፎም መገጣጠሚያ የሚሰበረው አብዛኛውን ጊዜ ከሙጫው አጠገብ ፎሙ ራሱ ተቀድዶ ነው፤ ሙጫ ማብዛት ጥንካሬ አይጨምርም። በተለይ ቀልጦ የሚፈስሰው የዱላ ሙጫ ከባድ ስለሆነ ሰርቮ ለማያያዝ ያህል ብቻ ይሁን።

ነጭ ኮላ የሚደርቀው ውኃው ሲተንን ነው። በሁለት ፎም መካከል አየር ስለማይደርሰው በበጋ ሌሊቱን ሙሉ፣ በክረምት ሁለት ቀን ያህል ስጡት። ገና ሳይደርቅ መሞከር ሌላው የተለመደ ስሕተት ነው። ኢፖክሲ ለሁለት ቦታ ብቻ ይቀመጥ፦ ሞተሩ ለሚታሰርበትና የክንፉ ሁለት ግማሾች ለሚገናኙበት።

ሲደርቅ ክንፉ እንዳይጠማዘዝ ጠፍጣፋ ጠረጴዛ ላይ አስተኝታችሁ በመጽሐፍ ጫኑት። ከዚያ ከኋላ ሆናችሁ በአንድ ዓይን ተመልከቱ፤ የግራና የቀኝ የኋላ ጠርዝ እኩል መታየት አለበት። የጠመመ ክንፍ በሳሳ አየር ውስጥ መጀመሪያ መሸከም የሚያቆመው በጠመመው በኩል ነው። አውሮፕላኑም በዚያው ወገን ይወድቃል።

ደረጃ 5፦ ክንፉን በዘንግ ደግፉ

የካርቦን ዘንግ ማግኘት አስቸጋሪ ስለሆነ ሁለት ምትክ አለ። አንደኛው በቀጭኑ የተሰነጠቀ ደረቅ ቀርከሃ ነው፤ አንጓ የሌለበትን መርጣችሁ ቆዳው ወደ ውጭ እንዲሆን አድርጉ፤ ጥንካሬው ከቆዳው ነው። ሁለተኛው የተሰበረ ጃንጥላ ነው። የአንዳንድ ጃንጥላ ዘንጎች ፋይበር ግላስ ናቸው፤ ማግኔት አስጠጉ፣ ካልያዘው የምትፈልጉት እሱን ነው፤ ከያዘው ብረት ነውና ይከብዳል። ፋይበር ግላስ ስትቆርጡ በውኃ አርጥባችሁ፣ አፍንጫችሁን ሸፍናችሁ ሥሩ፤ ብናኙ ሳንባ ይጎዳል።

ከክንፉ በታች በኩል፣ ክንፉ በጣም በሚወፍርበት ቦታ ላይ፣ የዘንጉን ያህል ቦይ ቅደዱና 40 ሴንቲ ሜትር ዘንግ መሐሉን ከክንፉ መሐል አጋጥማችሁ ቅበሩ። ክንፍ ከሁሉ ይበልጥ የሚጨነቀው መሐሉ ላይ ስለሆነ እስከ ጫፍ መዝለቅ አያስፈልግም። ዘንጉና ሙጫው አንድ ላይ 10 ግራም ያህል ይጨምራሉ። በዚህ ሥራ ሁሉ ልትጨምሩ የሚገባችሁ ክብደት ይህ ብቻ ነው።

ደረጃ 6፦ መቀነስ ከጅራት ይጀመር

ጅራት ከስበት ማዕከሉ፣ ማለትም አውሮፕላኑ ሚዛኑን ከሚጠብቅበት ነጥብ፣ ሩቅ ነው። በምሳሌያችን ጅራቱ 60 ሴንቲ ሜትር ወደ ኋላ፣ አፍንጫው 20 ሴንቲ ሜትር ወደ ፊት ይገኛሉ። ስለዚህ ጅራት ላይ ያለ 1 ግራም በአፍንጫ 3 ግራም ማካካሻ ይፈልጋል። ከጅራት 8 ግራም ስታነሡ ከአፍንጫ የ24 ግራም ዕዳ ታነሣላችሁ።

እንዲህ አድርጉ። ከሰርቮ እስከ ጅራት የሚሄደው ወፍራም ሽቦ ከሆነ አውጡት፤ በምትኩ የጥብስ እንጨቶችን ጫፍ ለጫፍ አስረዝማችሁ በክርና በሙጫ እሰሩ፣ ሁለቱም ጫፍ ላይ ከወረቀት ክሊፕ የተሠራ አጭር መንጠቆ አድርጉ። እንጨቱ ሲገፋ እንዳይጎብጥ መሐሉን በቁራጭ የስክሪብቶ ቀፎ ውስጥ አሳልፉት። የጅራቱን ማጌጫ ስቲከር ላጡ። የኤለቬተሩ (ወደ ላይና ወደ ታች የሚታጠፈው የጅራቱ ክፍል) ማጠፊያ ከተሰበረ ከላይ አንድ ንብርብር ስኮች ይበቃዋል።

ቀጥሎ ወደ አካሉ ሂዱ። ከክንፉ ኋላ ያለውን የውስጥ ፎም ግድግዳው ከ8 ሚሊ ሜትር እንዳይሳሳ እየጠበቃችሁ አውጡ፤ 15 ግራም ያህል ይገኛል። ቀዳዳ ከከፈታችሁ ክብ ይሁን፤ ባለማዕዘን ቀዳዳ ስንጥቅ የሚጀምረው ከማዕዘኑ ነው። የክንፉ መቀመጫ፣ የሞተሩ መያዣና የዘንጉ አካባቢ ፈጽሞ አይነኩ። ከክንፉ ላይ ቀለምና ስቲከር ስታነሡ 12 ግራም ያህል ይቀንሳል፤ ነገር ግን የፊት ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት አትሾሉት። ክብ የፊት ጠርዝ በዝግታ በረራ ጊዜ አየሩን ይዞ ይቆያል።

ደረጃ 7፦ ጎማና ባትሪ

ድንጋያማ በሆነው በእኛ ሜዳ ትንሽ ጎማ ለመነሣትም ለማረፍም ብዙ አይጠቅምም። ጎማውንና እግሩን አውጡ፣ ከሆዱ ሥር ወፍራም ስኮች ለጥፉ፤ ከእጅ ተወርውሮ በሣር ላይ በሆዱ ያርፋል። የተጣራ ትርፉ 65 ግራም ነው።

ባትሪ ሌላው ትልቅ ቅነሳ ነው። ባለ 3 ሴል 2,200 ሚሊ አምፒር ሰዓት የሆነውን 185 ግራም ባትሪ በ1,300 ብትተኩት ክብደቱ ወደ 115 ግራም ይወርዳል። በአማካይ 10 አምፒር ለሚወስድ ሞተር ባትሪው 20 በመቶ ሲቀረው ለማረፍ ብታቅዱ 6 ደቂቃ ታበራላችሁ። ለተለማማጅ 6 ደቂቃ በቂ ነው።

የሊፖ (ሊቲየም ፖሊመር) ባትሪ ጥንቃቄ ለድርድር አይቀርብም። እያንዳንዱ ሴል ከ4.2 ቮልት አይበልጥ፣ ከ3.5 በታች አይውረድ፤ ለወራት ሲቀመጥ 3.8 ላይ ይሁን። 1,300ውን በ1.3 አምፒር፣ ሴሎቹን በሚያመጣጥን ቻርጀር፣ አሸዋ በተነጠፈበት ሸክላ ድስት ውስጥ አድርጋችሁ፣ እያያችሁ ሙሉ። መብራት ሄዶ ሲመለስ የቻርጀሩን ቅንብር እንደገና አረጋግጡ። ያበጠ ባትሪ አይሞላም፣ አይበርም። ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ስታመጡት በእጅ ሻንጣ፣ ጫፎቹ በስኮች ተሸፍነው ይሁን።

አሁን ደምሩ፦ 20፣ 8፣ 15፣ 12፣ 65 እና 70 ሲደመር 190 ግራም ተቀንሷል፤ 10 ግራም ተጨምሯል። አውሮፕላኑ 720 ግራም ሆነ፤ ልክ አንድ አምስተኛው ወርዷል። በጎንደር አየር ውስጥ 720 ግራም ማለት በባሕር ጠለል እንደ 920 ግራም ነው፤ ፋብሪካው ካሰበው ክብደት ጋር ተቀራረበ።

ደረጃ 8፦ የስበት ማዕከሉን መልሱ

ክብደት ሲቀነስ ሚዛኑ ይዛባል፤ ያላስተካከለው ሰው ቀላል ግን የማይመራ አውሮፕላን ይኖረዋል። ቀጥ ላለ ክንፍ የስበት ማዕከሉ ከፊት ጠርዝ ከክንፉ ስፋት ከ25 እስከ 33 በመቶ ላይ መሆን አለበት። ለ18 ሴንቲ ሜትር ክንፍ ከ4.5 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ማለት ነው። ለመጀመሪያው በረራ 5ን ምረጡ፣ በሁለቱም ወገን ከክንፉ ሥር ምልክት አድርጉ፣ በሁለት ጣት ደግፉ። አፍንጫው በትንሹ ወደ ታች ዘንበል ማለት አለበት።

በምሳሌያችን ባትሪው ከማዕከሉ 12 ሴንቲ ሜትር ፊት ነበር። የጠፋው 70 ግራም በ12 ሲባዛ 840 ይሆናል። ከጅራት የተነሣው 8 ግራም በ60 ሲባዛ 480 መለሰ። የቀረውን 360 አዲሱ 115 ግራም ባትሪ 3 ሴንቲ ሜትር ገደማ ወደ ፊት ሲገፋ ይሸፍነዋል። እርሳስ ወይም ሳንቲም አፍንጫ ላይ መለጠፍ የመጨረሻ አማራጭ ይሁን፤ አስቀድሞ ባትሪ ይንቀሳቀስ።

ደረጃ 9፦ ፕሮፔለርና የመሬት ፍተሻ

የነዳጅ ሞተር በከፍታ ላይ ጉልበቱ ይደክማል፤ የኤሌክትሪክ ሞተር አየር ስለማይተነፍስ አይደክምም፤ ፕሮፔለሩ የሚይዘው አየር ግን ያንሳል። መፍትሔው ዲያሜትሩን ሳይነኩ ፒቹን፣ ማለትም ፕሮፔለሩ በአንድ ዙር ወደ ፊት የሚሄድበትን ርቀት፣ በአንድ ኢንች ማሳደግ ነው። 8 በ4 የነበረው 8 በ5 ሲሆን ሞተሩ የሚሸከመው ጫና በባሕር ጠለል ከነበረው ጋር ይቀራረባል። በአንዴ ዲያሜትሩን ወደ 9 ኢንች ማሳደግ ግን ሞተሩን ሊያቃጥል ይችላል። 20 ሰከንድ በሙሉ ኃይል አሠሩና አጥፍታችሁ ሞተሩን በጣት ዳሱ፤ ጣት ካልቻለው ወደ ቀድሞው ፕሮፔለር ተመለሱ። በፕሮፔለሩ ላይ የተጻፈው ቁጥር ወደ ፊት ይዙር።

ፕሮፔለሩን አውጥታችሁ የሰርቮዎቹን አቅጣጫ ፈትሹ። መሪውን ወደ ራሳችሁ ስትስቡ ኤለቬተሩ ወደ ላይ ይነሣ፤ ወደ ቀኝ ስትሉ የቀኙ አይለሮን (የክንፉ ተንቀሳቃሽ የኋላ ጠርዝ) ወደ ላይ ይነሣ። ከወደቀ በኋላ ሽቦ ተገልብጦ መሰካት ብዙ አውሮፕላን አጥፍቷል። በመጨረሻም ሪሞቱን በርቀት መፈተሻው ላይ አድርጋችሁ 30 እርምጃ ራቁ፤ ሰርቮዎቹ ያለ መንቀጥቀጥ መታዘዝ አለባቸው። ሁልጊዜም ሪሞቱ አስቀድሞ ይበራ፣ መጨረሻ ይጥፋ።

ደረጃ 10፦ ፈቃድ፣ ቦታና የመጀመሪያው በረራ

በኢትዮጵያ በርቀት የሚመራ በራሪ መሣሪያ ለማስገባትም ለማብረርም ፈቃድ ይጠየቃል። የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደርንና የሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣንን ጠይቁ፤ የአካባቢውን አስተዳደርና ጸጥታ አካል በጽሑፍ አሳውቁ። በትምህርት ቤት ወይም በዩኒቨርሲቲ ክበብ ስም መጠየቅ ይሻላል። በክልላችን ባለው የጸጥታ ሁኔታ ሰማይ ላይ የሚሰማ የሞተር ድምፅ ሰውን ያስደነግጣል፤ የጎረቤቶቻችሁ ሰላም ከእናንተ ደስታ ይቅደም። ካሜራ አትግጠሙ። ፈቃድ እስኪመጣ እስከ ደረጃ 9 ያለው ሥራ ጠረጴዛ ላይ ይጠናቀቃል።

ፈቃድ ቢኖርም በአዘዞ ከሚገኘው የአጼ ቴዎድሮስ አየር ማረፊያና ከመነሻና ማረፊያ መስመሩ ራቁ። በፋሲል ግቢ አካባቢ፣ በበዓል ሕዝብ ላይና በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ አይበረርም።

ለቦታ አዝመራው ከተሰበሰበ በኋላ ያለውን የጤፍ ማሳ ወይም የግጦሽ ሜዳ ባለቤቱን አስፈቅዳችሁ ምረጡ፤ የማሽላ አገዳ ግንድ ያለበት ማሳ ፎም ይበሳል። ከጥቅምት እስከ የካቲት ባለው ደረቅ ወቅት ፀሐይ ከወጣች በኋላ ያለው የመጀመሪያው ሰዓት ከሁሉ ይመረጣል፤ ነፋሱ ጸጥ ያለ፣ አየሩም ከቀትር ይልቅ የጠበቀ ነው። ደባርቅና ዳባት ላይ የጠዋቱ ብርድ ባትሪን ስለሚያደክም እስክትነሡ ድረስ በኮት ኪስ ውስጥ ይሙቅ።

መጀመሪያ ሞተሩን ሳታስነሡ ወደ ነፋሱ፣ አፍንጫውን በትንሹ ዝቅ አድርጋችሁ፣ በረዥም ሣር ላይ ወርውሩት። ቀጥ ብሎ ከወረደ ሚዛኑ ልክ ነው። አፍንጫውን አንሥቶ ቆሞ ከወደቀ ባትሪውን 5 ሚሊ ሜትር ወደ ፊት፣ በአፍንጫው ከተተከለ 5 ሚሊ ሜትር ወደ ኋላ ግፉ። ከዚያ በሙሉ ኃይል አስነሡ። ከፍታ ሳይዝ አታዙሩት፤ ስታዞሩም በሰፊው ይሁን። በሳሳ አየር ላይ ጠባብ መታጠፊያ የክንፉን የማንሣት ኃይል ይነጥቃል።

አንድ ቃል ለአንባቢ፦ አውሮፕላኑ ዳግመኛ ይሰበራል፤ የሁሉም ይሰበራል። ያን ጊዜ ከሙጫው በፊት ሚዛኑን አውጡ፣ ከጥገናው በኋላም እንደገና መዝኑ፣ በደብተሩ ላይ ካለው 720 ጋር አስተያዩ። ከበለጠ ትርፉን ፈልጋችሁ ሳታወጡ ወደ ሜዳ አትሂዱ።